አቤት አትበይ

አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ይህን የምጽፈው ላስፈራራችሁ ብዬ አይደለም። ተናድጄ ነው።

እኔ ራሴ በዚህ ቻናል ስር "አይ ፈጠራ!" እያልኩ ኮሜንት ስጽፍ የኖርኩ ሴት ነኝ። አሁን ተራው ደረሰኝ። ማመን የማይፈልግ ይለፈው። ግን ባሌም እዚያው ነበር፣ ፎቶውም ስልኬ ላይ አለ፣ ሹሩባዋንም የሠራሁት በእነዚህ እጆቼ ነው።

የሹሩባው ነገር በኋላ ይገባችኋል።

ቀኑ ማክሰኞ ነበር፣ ባለፈው ማርች። ሰዓቱ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ከሃያ። መብራት አልጠፋም፣ ውሻ አላላዘነም፣ መኪና መንገድ ላይ አልቆመብንም። ጠራራ ፀሐይ ነበር። ሰው አይስክሬም እየላሰ በአጠገባችን ያልፍ ነበር።

ስሜ ሮማን ነው። የምንኖረው ኢገን፣ ሚኒሶታ ነው። ባሌ ምንዳዬ መጋዘን ውስጥ ይሠራል፣ እኔ ዌስት ሴንት ፖል ውስጥ አረጋውያን እንከባከባለሁ። አንድ ልጅ አለችን፤ ሩሐማ። ዘጠኝ ዓመቷ ነው።

"አለችን" ልበል "ነበረችን" ልበል... እሱን እናንተ ትፈርዳላችሁ።

ሩሐማ እዚሁ አገር የተወለደች ናት። አማርኛ ትሰማለች፤ መልሱ ግን ሁልጊዜ በእንግሊዝኛ ነው። እሱንስ ችዬው ነበር። ያልቻልኩት አንዲት ቃል ናት።

"ሩሐማ!"

"ዋ...ት?"

ይቺ "ዋት" የምትባል ነገር ደሜን ታፈላዋለች። ልጅ ሆኜ እናቴ ስትጠራኝ "እ?" ብዬ ብመልስ ቁንጥጫው ሦስት ቀን ያቃጥለኝ ነበር። "ወዬ" እንኳ ለእኩያ ነው። ለእናት፣ ለአባት፣ ለታላቅ "አቤት" ነው የሚባለው! ይቺ ግን ዓይኗን ከታብሌቷ ሳትነቅል፣ እንደ ማስቲካ እየሳበች፣ "ዋ...ት?"

ባለፈው ሰመር እናቴ ከአገር ቤት መጥታ ሦስት ወር እኛ ጋ ነበረች። አንድ ቀን በዚችው ቃል ምክንያት ሩሐማ ላይ ስጮህ እማዬ ክንዴን ያዘችኝ።

"ተያት ልጄ።"

"እንዴት እተዋታለሁ? ባለጌ ልትሆንብኝ ነው እኮ!"

"ፊት ለፊትሽ ቆማ ከሆነ ተቆጪያት። ከሌላ ክፍል እየጠራሽ ግን አቤት አታሰኚያት።" ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "እኛ ልጆች ሆነን ሦስቴ ሳይጠሩን፣ የጠራንንም ሳናይ፣ አቤት አንልም ነበር። በቀትር ደግሞ በተለይ። የሚጠራሽ ሁሉ እናትሽ አይደለም።"

"ብትይስ ምን ይመጣል?"

"አቤት ማለት እኮ እሺ፣ ያንተ ነኝ ማለት ነው።"

ሳቅሁባት። "እማዬ ደግሞ! እኛ ጌታን የያዝን ሰዎች ነን፤ ይሄ የድሮ ነገር ነው" አልኳት።

እሷም ጌታን የያዘች ናት። ግን አልሳቀችም።

ወደ ነገሬ ልግባ።

ትምህርት ቤት ለአንድ ሳምንት ሲዘጋ ፍሎሪዳ ሄድን። ምንዳዬ አንዲት ደሴት መርጦ ነበር። እኛ ሰፈር በረዶው ገና ከመንገድ ዳር አልለቀቀም፤ እዚያ ድልድዩን ተሻግረን ከመኪና ስንወርድ ሙቀቱ ክዳኑ እንደተከፈተ ድስት ፊታችን ላይ መጣ። ባሕሩ አረንጓዴ ነው። ዳርቻው ላይ የሚረገጠው አሸዋ ሳይሆን ዛጎል ነው ማለት ይቻላል። ሩሐማ በደስታ እየጮኸች ሮጠች።

የለበሰችው አረንጓዴ ቀሚስ ነበር። ሹሩባዋን ከመሄዳችን በፊት ሠርቼያት፣ ጫፍ ጫፉ ላይ ነጭ ዶቃ አድርጌበታለሁ። የመጨረሻዋ ላይ ነጩ አለቀብኝና አንዲት ቢጫ ዶቃ አሰርኩ። በግራ ጆሮዋ በኩል።

በግራ። ያዙልኝ።

"ፀሐዩ በረታ፣ አይደል?" አለ ምንዳዬ እያላበው።

"ውሃ ጠጪ" አልኳት ሩሐማን። "ጫማሽን አትርሺ።"

"ቀስ በይ የኔ ልጅ" አላት አባቷ።

ይህን ሁሉ የምነግራችሁ ወሬ ለማብዛት አይደለም። በዚያ ቀን የተናገርነው እያንዳንዱ ነገር ያስፈልገኛል።

ከባሕሩ ዳርቻ አለፍ ብሎ አንድ ኔቸር ሴንተር አለ። የአካባቢውን እንስሳትና ዛፍ የሚያሳዩበት ቦታ ነው። በር ላይ አንዲት ባርኔጣ ያደረገች ነጭ አሮጊት ልጆችን በውሃ ገንዳ ዙሪያ ሰብስባ ሸርጣን ታሳያለች።

"ይሄኛው የራሱ ቤት የለውም" ትላለች በእንግሊዝኛ። "የሌላ እንስሳ ዛጎል ውስጥ ይገባል። ከውጭ ስታዩት ያው ዛጎሉ ነው። ስለዚህ ዛጎል ወደ ቤት ከመውሰዳችሁ በፊት ውስጡ ማን እንዳለ እዩ።"

ልጆቹ ሳቁ። ሩሐማ አፏን ከፍታ ታያለች። ፎቶ አነሳኋትና "ሩሐማ፣ ነይ እንሂድ!" አልኳት።

"ዋ...ት?"

እዚያ ሁሉ ሰው ፊት። ፊቷን እንኳ ሳታዞር።

ሄጄ ክንዷን ቆነጠጥኳት። ጥርሴን ነክሼ በሹክሹክታ፦

"ሰው እያየን ነው!"

"ማም፣ ዩ አር ኸርቲንግ ሚ..."

"ዋት አይባልም ብዬሻለሁ! ከአሁን በኋላ ስጠራሽ አቤት ካላልሽ፣ እዚሁ ትቼሽ ነው የምሄደው! ሰማሽ?"

ዓይኗ እንባ ሞላ። ራሷን ነቀነቀች።

አሮጊቷ ነገሩን ለማብረድ ብላ መሰለኝ አንዲት ካርድ ሰጠችኝ። ከጀርባ ባለው የእግር መንገድ መጨረሻ ላይ ዓሣ የሚያጠምድ ትልቅ አሞራ ጎጆ አለ፤ ካሜራ ተተክሎበታል፤ ቤታችሁ ሆናችሁም በስልክ በቀጥታ ማየት፣ ድምፁንም መስማት ትችላላችሁ አለችኝ። ካርዷን ቦርሳዬ ውስጥ ወረወርኳት። በዚያ ሰዓት አሞራ የማይበት ሆድ አልነበረኝም።

ከሴንተሩ ጀርባ በውሃ ላይ የተሠራ የጣውላ መንገድ አለ። ግራና ቀኙ ማንግሮቭ የሚባለው ዛፍ ነው፤ ሥሩ ከውሃው ወጥቶ ቆሟል። መንገዱ አንድ ብቻ ነው። ሁለት ሰው ጎን ለጎን ከሄደ ሦስተኛ ማለፊያ የለውም።

ሩሐማ ቀድማን ሄደች። ጫማዋ ጣውላውን ቷ ቷ ሲያደርገው ይሰማናል። እኔና ምንዳዬ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን።

"አበዛሽው ሮሚ" አለኝ።

"አንተ ዝም ስለምትል ነው እኔ የማበዛው!"

ፊቴን ወደ ውሃው አዞርኩ።

ያኔ ነው ከመታጠፊያው ወዲያ የሰማነው።

"አቤት!"

የልጄ ድምፅ ነው። ጥርት ያለ አማርኛ።

ምንዳዬ ፈገግ አለ። "ሰማሽ? ገብቷታል።"

እኔ ግን አልሳቅሁም...

"ምንዳዬ... እኔ አልጠራኋትም።"

"አቤት!" አለች እንደገና። አሁን ራቅ ብላለች።

ሰዓቴን አየሁ። ለምን እንዳየሁ አላውቅም። ስድስት ሰዓት ከሃያ።

"አንተ ጠርተሃታል?"

"እዚሁ አጠገብሽ ነኝ እኮ!"

ለሦስተኛ ጊዜ... እንደ መሮጥ እያለች፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ፦

"አቤት... መጣሁ ማሚ!"

የጫማዋ ድምፅ ሮጠ። ቷ ቷ ቷ ቷ... ከዚያ ቆመ። ውሃ ውስጥ የወደቀ ነገር አልተሰማም። ዝም ብሎ ቆመ።

ተነስተን ሮጥን። "ሩሐማ! ሩሐማ!" መታጠፊያውን አለፍን፤ የለችም። ሁለተኛውን አለፍን፤ የለችም። መጨረሻው ላይ ደረስን። የአሞራው ጎጆ፣ አንድ ምሰሶ፣ አጥር፣ ውሃ። ሰው የለም። ውሃው ጉልበት እንኳ የማይደርስ፣ ወለሉ የሚታይ ነው። ምንም የለም።

አጥሩን ይዤ ጮህኩ።

"ሩሐማ!"

"አቤት።"

ከኋላችን ነው።

ዞርን። ባለፍነው መንገድ ላይ፣ ከእኛ አሥር እርምጃ ርቃ ቆማለች። በዚያ ጠባብ ጣውላ ላይ እንዴት አለፍናት? እጆቿን ከኋላዋ አጣምራ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ ነበር የቆመችው። ልጄ እንደዚያ ቆማ አታውቅም። እንደዚያ የምንቆመው እኛ ነበርን፣ አገር ቤት፣ መምህር ፊት።

አቀፍኳት፣ ሳምኳት፣ አለቀስኩ። ሰውነቷ ቀዝቃዛ ነበር። በዚያ ሙቀት! ምንዳዬ "ጌታ ይመስገን፣ ጌታ ይመስገን" ይላል።

"ማን ጠራሽ ሩሐማዬ? የት ነበርሽ?"

"አቤት" አለችኝ።

መኪና ውስጥ ቀበቶዋን ላስርላት ጎንበስ ስል ዶቃዋን አየሁት። ቢጫው ዶቃ ቀኝ ጆሮዋ ጋ ነበር።

ፎቶውን አወጣሁ። ገንዳው ጋ ያነሳኋት፣ ግማሽ ሰዓት ያልሞላው። በግራ። ዞር ብዬ አየኋት። በቀኝ።

"ፎቶው ተገልብጦ ይሆናል" አለ ምንዳዬ። ለሁሉም ነገር መልስ አለው እሱ። ፎቶው ላይ ከጀርባዋ ያለው የሴንተሩ ታፔላ ግን ቀጥ ብሎ ይነበባል።

ወደ ኢገን ተመለስን።

መጀመሪያ የተደሰተው ማን መሰላችሁ? ሰው ሁሉ! እሑድ ቸርች ሄድን። ሩሐማን የሚጠራት ሁሉ "አቤት" ነው የሚሰማው። አብራኝ በኳየር የምታገለግለው ፈነት እጄን ይዛ፦

"ሮሚዬ፣ ምን አድርገሽ ነው? ለኔዎቹም ንገሪኝ! የኔዎቹ እኮ በር ዘግተው ነው የሚመልሱልኝ።"

ልመታት ነበር። እውነቴን ነው።

ምክንያቱም ሩሐማ እንግሊዝኛ አቁማለች። አንድ ቃል የለም። አማርኛዋም ቢሆን... ቆዩ፣ እሱን እነግራችኋለሁ። አስተማሪዋ ደወለችልኝ።

"ልጅሽ ከዕረፍት ከተመለሰች ጀምሮ የምትለው አንድ ቃል ብቻ ነው። 'አቤት' ማለት ምንድን ነው?"

"ስትጠራ የምትሰጠው መልስ ነው።"

"እኛ ግን አልጠራናትም" አለችኝ። "ክፍሉ ጸጥ ሲል ነው የምትለው። ወደ መስኮቱ ዞራ።"

ማታ ለምንዳዬ ነገርኩት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

"አኩርፋሽ ነው። ሰው ፊት ቆነጠጥሻት፣ አሁን ልጅቷ እልህ ተጋባች። የፈለግሽው ይሄ አልነበር? በይ እንግዲህ!"

"ምንዳዬ፣ ይቺ ልጄ አይደለችም።"

"በኢየሱስ ስም! ሁለተኛ ይሄን ቃል እንዳልሰማ!"

ተቆጣኝ። በአሥራ ሁለት ዓመት ትዳር ተቆጥቶኝ አያውቅም። እኔም የያዝኩትን ሳህን ዕቃ ማጠቢያው ውስጥ ወርውሬ ሰበርኩት። ልጅቷ ጠረጴዛው ጋ ሆና እኔን አየች፣ እሱን አየች። ከዚያ ለስለስ ባለ ድምፅ፦

"ቀስ በይ የኔ ልጅ" አለችኝ።

የምንዳዬ አነጋገር ነው። ቁርጥ ራሱ።

ምንዳዬ ሳቀ። እኔ ግን ፀጉሬ ቆመ።

በማግስቱ ቁጭ ብዬ የምትናገረውን መጻፍ ጀመርኩ። ፖስታ ጀርባ ላይ። አራት ቀን ሙሉ ጻፍኩ። አቤት። መጣሁ ማሚ። ነይ እንሂድ። ውሃ ጠጪ። ጫማሽን አትርሺ። ቀስ በይ የኔ ልጅ። ሰማሽ...

ሌላ የለም። አልጨመረችም።

ከአራቱ ቀን ባንዱ ጠዋት በረዶ እየጣለ መስኮቱ ጋ ቆማ፣ ውጭ ውጭውን እያየች፦

"ፀሐዩ በረታ፣ አይደል?" አለች።

አሁን ገባችሁ? በዚያ ቀን፣ በዚያች ደሴት ላይ፣ እኔ፣ አባቷና ልጄ በአማርኛ ያልነው ነው። ከዚያ በፊት የተነገረ አንድ ቃል አታውቅም። ዘጠኝ ዓመት ያሳደግኳት ልጅ፣ ማታ ማታ ያስተማርኳትን ጸሎት እንኳ አታውቅም። አስጀመርኳት። አፌን አየችኝ። "አቤት" አለችኝ።

ያን ቀን አጠገባችን ሆኖ ሲሰማ የዋለ ነገር ነው እቤቴ ቁጭ ብሎ ቁርስ የሚበላው።

ኔቸር ሴንተሩ ጋ ደወልኩ። አንድ ወጣት አነሳ።

"ልጄ እዚያ ቀርታለች" አልኩት።

"የኔ እመቤት፣ ልጅሽ ከጠፋች ስንት ጊዜዋ ነው?"

"ሦስት ሳምንት።"

"ለፖሊስ አመልክተሻል?"

"አላመለከትኩም። ልጅቷ... እዚህ ናት።"

በትሕትና፣ በዚያ በሚያናድድ ትሕትና፦

"ታዲያ የጠፋብሽ ምንድን ነው?"

ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። ምን ልበለው? "ዋት" የምትለዋ ጠፋችብኝ ልበለው?

እማዬ ጋ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳት። በመጨረሻ፦

"ስንት ጊዜ አቤት አለች?"

"ሦስቴ።"

"እኔ ሦስቴ ይጥሩሽ ነው ያልኩት... ሦስቴ እሺ በዪ አላልኩም" አለችና አለቀሰች።

ኮሜንት ላይ "ጸልዪ እህቴ" ልትሉኝ የተዘጋጃችሁ፣ ጸልያለሁ። ጾሜያለሁ። ሽማግሌዎች ቤት ድረስ መጥተው እጅ ጭነውባታል። ሁሉም "የተባረከች ልጅ" ብለዋት ሄዱ። እናንተ ላይ አይደለም ንዴቴ። እኔ ላይ ነው። ልጄ ያን ቀን ባለጌ ሆና ቢሆን ኖሮ፣ እንደ ለመደችው "ዋት" ብላ ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ ከፎቅ እየጮኸች ታናድደኝ ነበር። የታዘዘችው እኔን ፈርታ ነው። የገዛ አፌ ነው የሸጣት።

ትናንት ቅዳሜ ነበር። ምንዳዬ ሥራ ገብቷል። ኤፕሪል ገብቶም በረዶው ይጥላል። ልጅቷ ፎቅ ላይ ናት። ኩሽና ቁጭ ብዬ ቦርሳዬ ውስጥ ቁልፍ ስፈልግ አንዲት ካርድ እጄ ላይ መጣች።

የአሞራው ካሜራ።

ካርዷ ላይ ያለውን አድራሻ ስልኬ ላይ ጻፍኩና ከፈትኩት። ጎጆው ባዶ ነው። የነፋስ ድምፅ ይሰማል፣ የውሃ ድምፅ ይሰማል። ከጎጆው ስር የጣውላው መንገድ መጨረሻ በግማሽ ይታያል።

ሰዓቱ የእኛ አምስት ሰዓት ከሃያ ነበር። ደሴቷ ከእኛ አንድ ሰዓት ትቀድማለች።

ጣውላው ላይ አንዲት ልጅ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀምጣለች። እግሮቿን ወደ ውሃው አንጠልጥላለች።

አረንጓዴ ቀሚስ። ያ ቀሚስ ታጥቦ እኔ ቤት ቁም ሳጥን ውስጥ ተሰቅሏል...

ቢጫ ዶቃ። በግራ ጆሮዋ በኩል።

ካሜራው ድምፅ ያመጣል እንጂ እንደማይወስድ አውቃለሁ። አላበድኩም። ግን እናት ነኝ።

"ሩሐማ..." አልኩ በሹክሹክታ።

አልዞረችም።

"ሩሐማ!"

ትከሻዋ ነቅነቅ አለ። ግን አልመለሰችም። አሁን ተምራለቻ! አሁን ዝም ብሎ ለጠራት ሁሉ አትመልስም።

አፌን ስልኩ ላይ ለጠፍኩት።

"ሩሐማዬ... እኔ ነኝ። እናትሽ ነኝ።"

ቀስ ብላ ዞረች። ሽቅብ ካሜራውን አየች። ፊቷ በፀሐይ ተቃጥሏል፣ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። አኩርፋለች። አኩርፋ፣ እየሳበች...

"ዋ...ት?"

አለቀስኩ። በሕይወቴ እንደዚያች ቃል የጣፈጠኝ የለም።

"አቤት" አለ ከኋላዬ አንድ ድምፅ።

ደረጃውን ስትወርድ አልሰማኋትም። አልዞርኩም። መዞር አልቻልኩም። ቀዝቃዛ እጅ ትከሻዬ ላይ አረፈ፣ አገጯ አንገቴ ጋ መጣ። አብራኝ ስልኩን አየች። ካሜራው ስር ያለችው ልጄም ሽቅብ እያየች ነው፣ ዓይኗን ሳትነቅል።

በጆሮዬ፣ በራሴ ድምፅ፣ ጥርሷን ነክሳ፦

"ሰው እያየን ነው!" አለችኝ።

ከዚያ እጇን ዘርግታ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፋችው።

ከስር ግን ድምፁ አልቆመም።

"ዋት?... ማም?... ዋት?"